አዲስ የሠራናት ዲኤክስ ዳገት ላይ ትጠፋለች፤ ውድድሩ እሁድ ነው፣ እርዱን!

የጮቄ ልጅ (ጠያቂ)፣ ዓርብ ከምሽቱ 1:10
ሰላም ቤተሰብ። ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፈው። መኪናዋ ኮፈኗ ተከፍቶ ፊቴ ቆማለች። ለራሊ የሠራናት ቶዮታ ዲኤክስ ሲሞቃት ትጠፋለች። ለካንዴላ እሳት የሚሰጠውን ቦቢና ሁለት ጊዜ ቀይረናል። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላም አዲስ ነው። የእሳቱን ሰዓት የሚቆጣጠረው ፑንቲናም ተስተካክሏል። ዛሬ በረቡዕ ገበያ መንገድ ወደ ላይ ስንሞክራት ሩብ ሰዓት ያህል ምንም ሳትል ወጣች። ከዚያ ቀጥ! ከጄሪካን ቤንዚን ጨምረን 20 ደቂቃ አሳረፍናት፣ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ሩብ ሰዓት ሄዳ ደግሞ ጠፋች። ነገ ማታ ባሕር ዳር መግባት አለብን። ሙቀት የሚችል ቦቢና የት ይገኛል? ሱቅ ሳይዘጋ መልሱልኝ።

ዳንግላ ጋራዥ
ቦቢና ነው። እኔም ደርሶብኛል። ኦሪጅናሉን ፈልግ፣ ሌላው ሲግል ይሞታል። ከሞተሩ አርቀህ እሰረው።

መምህር ከቡሬ
ወንድሜ፣ ቦቢናውን ለጊዜው ተወውና ከፍታውን አስብ። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ወደ ጮቄ ተራራ በወጣህ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ ማርቆስ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቤንዚንም እንደዚያው ከፍታ ላይ ቶሎ ይተናል። የቤንዚን ቱቦው በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) አጠገብ ካለፈ ውስጡ እንፋሎት ይሞላል፤ ፖምፓ ደግሞ የተሠራው ፈሳሽ ለመግፋት ነው። ሌላም አለ። ሞተር 1,000 ሜትር በወጣ ቁጥር ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል። ካርቡራቶሩ ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላውን ፍታና እይ። ጥላሸት ከያዘ ጂግለሩ (የካርቡራቶሩ የቤንዚን ቀዳዳ) መቀነስ አለበት። ለዛሬ ግን ቱቦውን ከሙቀት አርቅ፣ ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልል።

የአባይ በረሃ ሹፌር
ዲኤክስ አትሞትም፣ ታርፋለች እንጂ 😄 አባቴ ከደጀን ጎሃ ጽዮን ስንት ዓመት ተመላልሶባታል። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ራሷ ቆማ ውኃ ትጠይቀኝ ነበር ይለናል። የሙቀት ጌጁ ግን ስንት ላይ ነው?

የጮቄ ልጅ
ጌጁ መሐል ላይ ነው፤ ፈልታ አታውቅም። ሞተሩ 5ኬ ነው፣ 4ኬውን አውጥተን የገባ። ፖምፓው ኤሌክትሪክ ነው። ስትጠፋ መጀመሪያ ታሳላለች፣ ትንተፋተፋለች፣ ከዚያ ጭጭ ትላለች። መምህር፣ ቱቦው በማርሚታው በኩል አያልፍም፣ በሌላኛው ጎን ነው።

እናት ከስናን
ልጆቼ፣ በረቡዕ ገበያ መንገድ ነው ራሊ የምትሞክሩት? ገበያተኛው፣ ከብቱ፣ ተማሪው ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው። መኪናው ይቆየኝ፣ ሰው እንዳትነኩብኝ።

የጮቄ ልጅ
እማማ፣ እውነትዎን ነው። መንገዱ ክፍት ስለሆነ ከ40 አላለፍንም፤ ዳገቱን የፈለግነው ሞተሩ ሲጫን ለማየት ነው። በፍጥነት የምንነዳው ውድድር ላይ፣ መንገዱ ሲዘጋ ብቻ ነው። ሄልሜት፣ ቀበቶና ስንገለበጥ የሚጠብቀንን የብረት ቀፎ ከሞተሩ በፊት ነው ያሟላነው።

ጋሼ ከፍኖተ ሰላም
ልጄ፣ «ሲሞቃት ትጠፋለች» ያለህ ማን ነው? ጌጁ መሐል ላይ ነው እያልክ። ሩብ ሰዓት ቆይታ መጥፋቷ ብቻ ሙቀት ነው አያሰኝም። ሩብ ሰዓት ውስጥ ብዙ ነገር ያልቃል። ቦቢና ሲሞት እንደ መብራት ድርግም ነው የሚለው። ማሳልና መንተፋተፍ የቤንዚን ማጣት ነው። ደግማ ስትጠፋ አንድ የካንዴላ ሽቦ ንቀልና እሳት መኖሩን እይ። እሳት ካለ ቦቢናውን ይቅር በለው። ቀጥለህ የቤንዚን ፊልትሮውን እይ። ባዶ ነው ወይስ ሙሉ?

ዳንግላ ጋራዥ
ቦቢና ነው አልኩ እኮ። ኦሪጅናል ይግዛና ይገላገል።

የጮቄ ልጅ
እሳቱን አላየንም፤ አሁን ነው የሚቆጨኝ። ፊልትሮው ግን ባዶ ነበር። ፖምፓው ጠጠጠጠ ይላል፣ ቤንዚን ግን አይመጣም። ፖምፓ ልግዛ እንዴ?

የደምበጫዋ ሚኒባስ
ቆይ ወንድማለም፣ ገንዘብህን አታውጣ። ከጄሪካን ስትጨምሩ ክዳኑን ከፍታችኋል አይደል? ያስነሳት እሱ ነው፣ ዕረፍቱ አይደለም። ሰልባትዮው (የቤንዚን ጋኑ) አየር ማስገቢያ አለው? ቤንዚን ሲወጣ በቦታው አየር ካልገባ ውስጡ ወደ ራሱ ይስባል፣ ፖምፓው ያቅተዋል። ስትጠፋ ጆሮህን አስጠግተህ ክዳኑን ቀስ ብለህ ፍታ። ፉፍፍ ካለ ተገኘ። ሚኒባሴ እንዲህ አድርጋኝ ሦስት ቀን ገቢ አጥቻለሁ።

የአባይ በረሃ ሹፌር
እታለም እንዲህ ያለ ነገር ታውቃለች እኔ ስለ ድልድይ አወራለሁ 😄

የጮቄ ልጅ
ሰውነቴ ደነገጠ። ሰልባትዮው አዲስ ነው። ይኼን መጀመሪያ መናገር ነበረብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቦዲውን ከቢቸና ያለ ሞተር ገዝተን ስምንት ወር ሠራናት። በመጀመሪያው ውድድር የውኃ ቱቦ ፈንድቶ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረን። ሁለተኛውን ከ11 መኪና 7ኛ ሆነን ጨረስን፤ ያን ቀን ተቃቅፈን አልቅሰናል። ግን ድንጋይ የድሮውን ሰልባትዮ ከሥር ቀድዶት ነበር። ስለዚህ ከላሜራ አዲስ አሠርተን ኋላ አስገባን። ክዳኑ በጎማ ጥብቅ ብሎ ነው የሚዘጋው፤ ስንገለበጥ እንዳይፈስ ብለን። የአየር ቀዳዳ የሚባል አላሠራንም።

የመርዓዊ ወጣት
ቀላል ነው። ከላይ ቀዳዳ ብሱና ቱቦ በይዱበት። ወይም ክዳኑን አላልታችሁ ንዱ።

ጋሼ ከፍኖተ ሰላም
አትበይዱ! ቤንዚን የነበረበት ሰልባትዮ ባዶ ሆኖም ይፈነዳል፤ ውስጡ የቀረው ትነት ከፈሳሹ ይብሳል። ክዳን አላልቶ መወዳደር ደግሞ ቤንዚን ኋላ መቀመጫ ላይ ማፍሰስ ነው። እንዲህ አድርጉ። ክዳኑን ብቻ ነቅላችሁ ከመኪናው አርቃችሁ ውሰዱት፣ እጠቡት፣ በመሰርሰሪያ ብሱት። የናስ የቱቦ ማያያዣ በቡሎንና በጎማ ከሁለት ወገን እሰሩበት። ሰልባትዮው ውስጥ የብረት ብናኝ እንዳይገባ። ከዚያ ቤንዚን የሚችል ቱቦ አስገቡበት። ቱቦው መጀመሪያ እስከ ጣሪያው ሥር ይውጣ፣ አንድ ዙር ይዙር፣ ከዚያ በወለሉ ቀዳዳ ከመኪናው ሥር ይውጣ። መሐሉ ላይ ስትገለበጥ የሚዘጋ ኳስ ያለው ቫልቭ ይግባ። ካላገኛችሁ ዳኞቹን ሳትጠይቁ አትነሱ።

መምህር ከቡሬ
ጋሼ ትክክል ናቸው፣ እኔ ወደ ከፍታው ቸኮልኩ። አንድ ነገር ልጨምር። የቱቦው ጫፍ ላይ ስፖንጅ እሰሩበት፤ የጎጃም የበጋ አቧራ በሁለት ቀን ይደፍነዋል። በ1953 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኬንያው ሳፋሪ ራሊ በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና ከተመለሰ ወዲህ፣ መኪኖቹ የአየር መሳቢያቸውን በቱቦ ወደ ላይ አውጥተው ታይተዋል። ምክንያቱ አቧራና ወንዝ ነው። የእናንተም መንገድ አቧራ ነው።

ዳንግላ ጋራዥ
ለማንኛውም ትርፍ ቦቢና ያዙ።

የቡድኑ ናቪጌተር፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2:40
እሱ እጁ ቅባት ስለሆነ እኔ ልጻፍ። ሌሊት ግቢ ውስጥ መኪናዋን አስነስተን ዝም ብለን ጠበቅን። ሥራ ፈታ ስትቆም ቤንዚን ብዙ ስለማትጠጣ 50 ደቂቃ ፈጀባት፤ ከዚያ ማሳል ጀመረች። የካንዴላውን ሽቦ ነቅለን አየን፣ እሳቱ ሰማያዊ ነው። ስልኬን አብርቼ ሰልባትዮው ላይ ስይዝ ጎኑ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል። ክዳኑን ሲፈታው ለረጅም ጊዜ ፉጨት ሰማን፤ ላሜራው «ጧ» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሁላችንም ጮህን፣ ጎረቤት ወጣ። የደምበጫዋ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ጋሼ፣ ክዳኑ እንዳሉት ተበስቶ ተሰርቷል፣ ቱቦውም ዞሯል። ባለ ኳስ ቫልቭ ማርቆስ አጣን። አሁን መኪና መጫኛ እየጠበቅን ነው፤ በመንገዳችን ፍኖተ ሰላም ላይ እንጠይቃለን።

ጋሼ ከፍኖተ ሰላም
አስፋልቱ ዳር ነኝ። ከአሮጌ ፒካፕ የነቀልኩት አንድ ቫልቭ አለኝ፣ አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። አንደርስም ብላችሁ አትለፉኝ።

የደምበጫዋ ሚኒባስ፣ ሰኞ
እንዴት ሆናችሁ? ጨረሳችሁ?

እናት ከስናን፣ ረቡዕ
ልጆቼ፣ ደህና ገባችሁ? አንድ ቃል እንኳ ጻፉልን።

የእንጅባራ ባጃጅ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ
ይቅርታ፣ ጥያቄ አለኝ። የእኔ ባጃጅ ከኮሶበር ዳገት ላይ እንዲሁ ታሳላለች። የባጃጅ ክዳን አየር ማስገቢያው የት ጋ ነው ያለው?