የመርሳት ሕመም ለጀመራቸው እናት ዘላቂ ውክልና ማዘጋጀት ይቻላል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ በእንግሊዝ ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ በቅርቡ ሐኪም የመርሳት ሕመም እንደጀመራቸው ነግሮናል። አንዳንድ ቀን የጡረታ ሂሳባቸውን ራሳቸው ይቆጣጠራሉ፤ በሌላ ቀን ግን የባንክ ካርዳቸውን የት እንዳኖሩት ይጠፋቸዋል። እኔና ወንድሜ «ላስቲንግ ፓወር ኦቭ አተርኒ» የሚባለውን፣ ራሳቸው መወሰን ቢያቅታቸውም የሚጸናውን ዘላቂ ውክልና እንዲሰጡን አስበን ነበር፤ አንድ ዘመዳችን ግን ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ጊዜው አልፏል አሉን። እናቴ እንግሊዝኛም እምብዛም አይችሉም። ምን ይሻለናል?

መልስ 1
እህቴ፣ የተነገረዎት ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የእንግሊዝና የዌልስ የአእምሮ ብቃት ሕግ፣ ብቃት እንደሌለው እስኪረጋገጥ ድረስ ማንኛውም አዋቂ ብቃት እንዳለው ይቆጥራል፤ መለኪያውም የሕመሙ ስም ሳይሆን፣ ሰውየው በዚያች ሰዓት ጉዳዩን መረዳት፣ ማስታወስ፣ ማመዛዘንና ውሳኔውን መግለጽ መቻሉ ነው። እናትዎ ደህና በሆኑበት ሰዓት ማንን ወኪል እንደሚያደርጉና ምን ሥልጣን እንደሚሰጡ ከተረዱ መፈረም ይችላሉ። ግን አይዘግዩ። ብቃታቸው ከጠፋ የሚቀረው መንገድ ዴፑቲ (በፍርድ ቤት የሚሾም ወኪል) እንዲሾም፣ ይህን ጉዳይ ለሚያየው ፍርድ ቤት ለኮርት ኦቭ ፕሮቴክሽን ማመልከት ነው፤ ይህም ረጅምና ውድ ከመሆኑም በላይ፣ ማን እንደሚሾም የሚወስነው ፍርድ ቤቱ እንጂ እናትዎ አይደሉም።

ሰነዱ ሁለት ዓይነት ነው። የገንዘብና የንብረቱ፣ ከተመዘገበ በኋላ እናትዎ ከፈቀዱ ወዲያው ይሠራበታል፤ የጤናና የእንክብካቤው ግን ራሳቸው መወሰን ሲያቅታቸው ብቻ ነው።

መልስ 2
በአባቴ ጊዜ የሠራሁትን ስሕተት ልንገርዎት። እሑድ ከሰዓት ሁላችንም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ቅጹን ፈረምን፤ ብቃታቸውን የሚያረጋግጡልን ጎረቤታችን ግን የመጡት በማግስቱ ስለነበር፣ የእኔ ፊርማ የእሳቸውን በአንድ ቀን ቀደመ። ቅጹ በዚያች አንዲት ቀን ምክንያት ተመለሰብን። መጀመሪያ የሚፈርመው ወካዩ (ውክልናውን የሚሰጠው ሰው)፣ ቀጥሎ አረጋጋጩ፣ በመጨረሻ ተወካዮቹ ናቸው። ተወካይ ለወካዩ ፊርማ ምስክር መሆንም አይችልም።

አረጋጋጩ እናትዎን ቢያንስ ለ2 ዓመት በቅርብ የሚያውቅ፣ ወይም እንደ ሐኪምና ጠበቃ ያለ ባለሙያ መሆን አለበት፤ የቤተሰብ አባል ግን አይሆንም። አማርኛ የሚችል ሰው ካገኙ እሰየው፤ ካጡ አስተርጓሚ ይጥሩ፤ አስተርጓሚው ግን እርስዎ ወይም ወንድምዎ አይሁኑ፤ ነገ «ልጆቻቸው ናቸው ያስፈረሟቸው» የሚል ሰው ቢነሣ መልስ ይኖርዎታል።

መልስ 3
ሁለታችሁም ስትወከሉ፣ ሁልጊዜ በጋራ ብቻ ትወስኑ ወይስ በጋራም በተናጠልም የሚለውን በጥንቃቄ አስቡበት። «በጋራ ብቻ» ከተባለ ለእያንዳንዱ ውሳኔ የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋል፤ አንዳችሁ ብትሞቱ ወይም ብትተዉትም፣ ምትክ ካልተሰየመ በስተቀር ውክልናው ይፈርሳል። እኔ ብሆን «በጋራም በተናጠልም» የሚለውን እመርጥ ነበር፤ ይህ ግን በወንድማማቾች መካከል መተማመን ሲኖር ነው። ሰነዱ ውክልናዎችን በሚመዘግበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ኦፊስ ኦቭ ዘ ፐብሊክ ጋርዲያን ዘንድ ካልተመዘገበ አይሠራም፤ ምዝገባውም ሳምንታት ይወስዳል።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴን የሚያውቁ አማርኛ ተናጋሪ ጡረተኛ ነርስ በሰፈራችን አሉ፤ ጠዋት ጠዋት እናቴ ስለሚነቁ፣ ሁለቱ ለብቻቸው እንዲነጋገሩ ለረቡዕ ጠዋት ቀጥሬያቸዋለሁ። እኔና ወንድሜ ከአረጋጋጯ ነርስ ፊርማ በፊት ብዕር አናነሣም።