4ኛ ክፍል የቃላት ፕሮብሌም ላይ ልጆቹ ቁጥር ብቻ ለቅመው ይደምራሉ፣ ምን ይሻላል?

ቲቸሯ፦
ሰላም ቲቸሮች። ጅማ ነው የማስተምረው፣ 4ኛ ክፍል ሒሳብ በአማርኛ፣ ግማሾቹ ልጆች ግን ቤት የሚያወሩት አፋን ኦሮሞ ነው። 24 ሲካፈል ለ6 ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጽፌ ሳልጨርስ ይመልሳሉ፣ ያንኑ በአረፍተ ነገር ሳመጣው ድራሹ ይጠፋል። ባለፈው ፈተና "ጫልቱ 24 ብርቱካን አላት። ይህም ከከድር ብርቱካን በ6 ይበልጣል። ከድር ስንት አለው?" ብዬ አወጣሁ፣ አብዛኛው ክፍል 30 ብሎ ቁጭ። ለምን ደመራችሁ ስላቸው "ቲቸር ይበልጣል ይላል እኮ"። ጥፋቱ የኔው ነው፣ "በድምሩ፣ ይበልጣል = መደመር፣ ቀረ፣ ያንሳል = መቀነስ" የሚል ቻርት ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ደሞ እርማቱ፣ መልሱ ከተሳሳተ ዜሮ ነው ወይስ ለሞከረበት ይሰጠዋል?

የሒርማታው፦
ቻርቱን ዛሬውኑ ገንጥይው😀 ቁጥር ሳይነኩ በፊት "ማነው ብዙ ያለው?" ብለሽ ጠይቂያቸው፣ አንድ ረጅም አንድ አጭር መስመር ያስምሩና ስም ይጻፉበት፣ ከድር አጭሩ ላይ ከወደቀ 30 የሚል ልጅ አይኖርም። እኔ አንዳንዴ ጭራሽ ቁጥር የሌለው ጥያቄ ነው የምሰጠው፣ ገበሬው ጀንፈል ይዞ ገበያ ወጣ፣ ከፊሉን ሸጠ፣ የቀረውን ለማወቅ ምን እናድርግ? ፈረሱላውን በኋላ እጨምርበታለሁ፣ 17 ኪሎ መሆኑን እንደሆነ ልጆቹ ከኛ በላይ ያውቁታል። ባጃጅ ከኋላ 3 ሰው ብትጭን 26 ልጅ ስንት ባጃጅ ይፈልጋል የሚለውንም ሞክሪ፣ "8 ደርሶ 2 ይቀራል" ብለው ሁለቱን ልጅ መንገድ ላይ ጥለው ይሄዳሉ።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ስለ እርማቱ፣ አን ኒውማን የምትባል አውስትራሊያዊት በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ዘዴ አለ፣ የተሳሳተውን ልጅ ታስቀምጪና አንብብልኝ፣ ምንድነው የተጠየቅከው፣ በምን ታገኘዋለህ፣ እስኪ ሥራው፣ አሁን መልሱን ጻፍ ትይዋለሽ። የቱ ጋ እንደተሰበረ ወዲያው ይታያል። ከዚህ ተነስቼ ከ5 ነው የማርመው፣ የተጠየቀውን ለይቶ ለጻፈ 1፣ ስሌቱን በትክክል ለመረጠ 2፣ ለሠራው 1፣ መልሱን ከነመለኪያው ለጻፈ 1።

የ68ቱ አባት፦
ፅድቁ ቀርቶብኝ በወጉ በኮነነኝ አለች! ክፍሌ ውስጥ 68 ልጅ አለ፣ ማንን አስቀምጬ ነው የማስነብበው? እኔ የማደርገው ቴስት ላይ "አትሥሩት፣ ምን እንደተጠየቃችሁ ብቻ ጻፉ" የሚል አንድ ጥያቄ መጨመር ነው፣ አርሞ ለመጨረስ አይከብድም፣ ማንበብ ያቃተውንና ሒሳብ ያቃተውን ይለይልሻል።

የአጋሮ ልጅ፦
መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ ለጎናቸው ላለ ልጅ ያውሩት፣ ከዛ በአማርኛ ይጻፉት። ለነገሩ ጫልቱ ማለት እኮ "የምትበልጥ" ማለት ነው፣ መልሱን ስሟ ላይ ጽፈሽላቸው ነበር😂

ቲቸሯ፦
ሃሃ እሱን እኔም አላሰብኩትም! ቻርቱ ወርዷል። የባጃጇን ዛሬ ሰጠኋቸው፣ መስመሩ ሠርቷል፣ ብዙዎቹ 9 አሉ። አንዱ ግን "8 ይበቃል ቲቸር፣ ሁለቱ ሾፌሩ ጎን ይቀመጣሉ" ብሎ ጽፎልኛል። እስኪ ይሄንን ከ5 ስንት ልስጠው?