የላንድ ክሩዘር ናፍታ ታንክ ቀይሬ ሐረጎ ላይ እየጠፋብኝ ነው

ጥያቄ፦ ከጦሳ ስር (ደሴ)

ሰላም ወገኖች። መኪናዬ በፈረንጆቹ የ1994 ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ነው፣ 75 የሚባለው። ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ፣ 4.2 ሊትር ናፍታ። ሞተሩ እስካሁን አንገቴን አስደፍቶኝ አያውቅም። የነዳጅ ታንኩ ግን ዝጎ ተበሳ። ማሰሪያው ላሜራ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው የበላው። ሁለት ወር ያህል የልብስ ሳሙና እየለጠፍኩበት ነዳሁ። በመጨረሻ ባለቤቴ "ይሄን ሳሙና የሚበላው ማነው?" ማለት ስትጀምር ቆረጥኩ።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ (የመኪና ዕቃ ገበያው) ሰው ልኬ የተፈታ ታንክ አስመጣሁ። ከዚሁ መኪና ዓይነት የወጣ ነው ተብሏል። ሰፈር ካለ መካኒክ ጋር ሆነን ቀየርነው። ልክክ ብሎ ገጠመ። ሞልቼው ኮምቦልቻ ደርሼ ተመለስኩ፣ ምንም የለም። ነገር የመጣው ናፍታው ከግማሽ በታች ሲወርድ ነው። ከኮምቦልቻ ስመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ ይንተፋተፍና ድርግም። ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ስመታ ይነሳል። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ይጠፋል። ጌጁም ግማሽ ላይ ተገትሮ ቀርቷል።

መካኒኩ "ኢንጀክሽን ፖምፓው ደክሟል፣ ይውረድ" ይላል፣ ናፍታውን ገፍቶ ለሞተሩ የሚያድለውን ማለቱ ነው። የፖምፓ ወጪ ሳስበው እንቅልፌ ይጠፋል። እውነት ፖምፓው ነው?

መልስ፦ ሰባት ቁልፍ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ፖምፓውን እንዳታስነካ። ታንኩን ከመቀየርህ በፊት ሐረጎን ይወጣ ነበር አይደል? ፖምፓ ታንኩ ስንት ሊትር እንደያዘ አያውቅም። ከደከመ ሙሉም ሆነ ግማሽ ያው ነው።

አንድ ነገር ልብ በል። ይሄ ሞተር ታንኩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፖምፓ የለውም። ናፍታውን ከታንኩ ድረስ የሚስበው ራሱ ኢንጀክሽን ፖምፓው ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ የላላ ቱቦ ካለ ናፍታ ወደ ውጭ አይንጠባጠብልህም፣ አየር ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። መሬቱ ደረቅ ስለሆነ "ምንም አያፈስም" ትላለህ፣ መኪናው ግን አየር እየጠጣ ነው።

ሁለት ነገር ሞክር። ታንኩን ሙላውና ዳገቱን ውጣ። ከወጣ ፖምፓው ነፃ ነው። ቀጥሎ ከፊልትሮው በፊት አንድ ክንድ የምታህል፣ ናፍታ የሚችል፣ ውስጡ የሚያሳይ ቱቦ አስገባና ሞተሩን አስነሳ። አረፋ ካየህ ሌባው ከታንክ ወገን ነው።

መልስ፦ ያየሁትን ልናገር

እኔ ከፍታው ይመስለኛል። ደሴ ብርድና ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። የድሮ ናፍታ እዚህ ይቸገራል።

መልስ፦ ሰባት ቁልፍ

አይ ወንድሜ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደሴ 2,500 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ያን ያህል መውጣት ጉልበት ይቀንሳል፣ ጥቁር ጭስም ያመጣል። ሞተር አያጠፋም። እንደሱ ቢሆን ደሴ ውስጥ መኪና ባልቆመልን!

ጠያቂው፦ ከጦሳ ስር

ሞከርኩ። ሞልቼው ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ እየዘፈንኩ ወጣሁ። ሲጎድል ያው ነው። የሚያሳየውን ቱቦም አስገባሁ። ታንኩ ሲሞላ ንጹሕ ናፍታ፣ ሲጎድል እንደ ጠላ አረፋ። የቱቦ ማሰሪያዎቹን በሙሉ አጥብቄያለሁ። ፊልትሮውንም ቀይሬያለሁ፣ ከታቹ ትንሽ ውሃና ዝገት ወጣ።

መልስ፦ ሽማግሌው ጋራዥ

ልጄ፣ አሁን ነገሩ ተገለጠ። የናፍታ ሳልባትዮ (ታንኩ) ላይ ሁለት ቀጫጭን ቧንቧ አለ። አንዱ መሳቢያ ነው፣ እስከ ታች ወርዶ ጫፉ ላይ ወንፊት አለው። ሌላው መመለሻ ነው፣ ከፖምፓውና ከኖዝሎቹ (ናፍታ ሞተሩ ውስጥ ከሚረጩት) የተረፈው ናፍታ የሚመለስበት። የመመለሻው ብዙ ጊዜ አጭር ነው፣ ላይ ይቀራል። እናንተ ሁለቱን ቱቦ አቀያይራችሁ የገጠማችሁ ይመስለኛል። ሞተሩ በአጭሩ ቧንቧ ነው የሚስበው። ታንኩ ሙሉ ሲሆን አጭሩም ናፍታ ውስጥ ስለሆነ ምንም አይታወቅህም። ሲጎድል፣ ደግሞ ዳገት ላይ ናፍታው ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ አየር ይስባል።

ይሄን ስህተት እኔም በልጅነቴ ሠርቼዋለሁ። ጌታዬ በጥፊ ነው ያስተማረኝ። ታንክ ስትፈታ መጀመሪያ ቱቦዎቹ ላይ ቀይና ጥቁር ፕላስተር ጠቅልል። አዲሱ ታንክ ላይ የቧንቧው አቀማመጥ እንደ ድሮው ነው ብለህ አትመን። በዚያው ሞዴል እንኳን ከስሪት ስሪት ይለያያል።

ለማረጋገጥ፦ ታንኩ ከግማሽ በታች እያለ ሁለቱንም ቱቦ ንቀልና በትንሽ የእጅ መሳቢያ በየተራ ሳብ። በአፍህ እንዳትስብ፣ ናፍታ ሳንባ ከገባ ቀልድ አይደለም። አንዱ ናፍታ ያመጣል፣ ሌላው አየር ብቻ። ሁለቱም አየር ካመጡ መሳቢያው ታንኩ ውስጥ በዝገት ተበልቷል ማለት ነው። ያኔ ከአሮጌው ታንክ ላይ አውርደህ መግጠም ነው። አሮጌውን እንዳትጥለው።

መልስ፦ የመካነ ሰላም ተመላላሽ

ጋሼ ልክ ናቸው። ለማውረድ ግን እባክህ ረጋ በል። መጀመሪያ የባትሪውን ማይነስ ፍታ። ታንኩን አጉድል። የ75ቱ 90 ሊትር ይይዛል፣ ሙሉ ከሆነ ናፍታው ብቻ 75 ኪሎ ያህል ነው። እኔ አንዴ ሩቡ ብቻ ነው ብዬ በደረቴ ልቀበለው ሞክሬ ነበር። ሩቡም ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ጎንህን ይሰብራል። ከስሩ ክሪክ፣ ክሪኩ ላይ ሰፊ ጣውላ አድርግ። የመሙያውን ጎማና የመተንፈሻውን ቀጭን ቱቦ ቀድመህ ንቀል። የዛጉትን ቡሎኖች ማታ ዘይት ቀብተህ አሳድራቸው። በጉልበት ከታገልካቸው ይቆረጣሉ፣ ከዚያ ሌላ ሥራ ነው።

ስትመልሰው በማሰሪያው ላሜራና በታንኩ መሃል ጎማ አንጥፍ። የድሮውን የበላው ላሜራው ነው። ብረት ከብረት ሲፋጭ ቀለሙ ይላጣል፣ ጭቃ ይቋጥራል፣ ይዝጋል። የወረኢሉና የመካነ ሰላም መንገድ ደግሞ መንቀጥቀጥ አያውቅም እንዴ!

መልስ፦ ያየሁትን ልናገር

ለምን የድሮውን አስበይደህ አትመልሰውም? ርካሽ ነው።

መልስ፦ ሽማግሌው ጋራዥ

ይሄን ምክር እባክህ አንሳው። ባዶ ታንክ ከሙሉ ታንክ ይብሳል፣ ውስጡ ያለው ትነት ነው የሚፈነዳው። "ናፍታ እንጂ ቤንዚን አይደለም" የሚሉ አሉ። የብየዳ እሳት ሲያገኘው ናፍታውም ይተናል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ አጥቦ፣ አየር አስወጥቶ፣ ሥራውን በሚያውቅ እጅ ካልሆነ አይሞከርም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስበይድ ኖሬ ታንክ አልቀበልም።

መልስ፦ ፊውዝ (የመኪና ኤሌክትሪክ፣ ደሴ)

ስለ ጌጁ ልግባ። ታንኩ ከወረደ አይቀር የድሮ ታንክህን ተንሳፋፊ (የናፍታውን መጠን ለጌጁ የሚነግረውን) አውጣና አዲሱ ላይ ግጠም። ከዳሽቦርድህ ጋር የሚግባባው የራስህ ነው። ከመግጠምህ በፊት ሶኬቱን ሰክተህ ቁልፍ ክፈት፣ ክንዱን በእጅህ ከታች ወደ ላይ በቀስታ አንሳው። ጌጁ አብሮ ከሄደ ጨርሰሃል። ይሄን ከተከፈተው ታንክ ራቅ ብለህ አድርገው። ካልተንቀሳቀሰ ማሳውን (የኤሌክትሪክ መሬቱን) አጽዳ፣ ዝገት ይሆናል። ክንዱን ስታስገባም አቅጣጫውን አትሳት። ታንኩ ውስጥ ካሉት መከፋፈያዎች ጋር ከተጋጨ እንዳሁኑ ግማሽ ላይ ይገተራል።

ጓርኒሲዮኑን (እንዳያፈስ መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) አዲስ አድርግ። ያንን የቤት ሲሊኮን እንዳትቀባ። ነዳጅ ያሟሟዋል፣ ተልጦ መሳቢያው ወንፊት ላይ ይከመራል።

ጠያቂው፦ ከጦሳ ስር

ወገኖቼ፣ ቅዳሜ አወረድነው። ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ቱቦዎቹ ተቀያይረዋል። መሳቢያው ቧንቧ በቀኝ ሳይሆን በግራ ነው። ተንሳፋፊውንም ቀየርኩ፣ ጌጁ ነፍስ ዘራ። አየሩን ለማስወጣት የፊልትሮውን ቡሎን ላላ አድርጌ የእጅ ፖምፓዋ እስክትጠነክር መታኋት። ከዚያ የኖዝሎቹን ዳዶዎች ትንሽ አላልተን አስነሳነው። ትናንት ከሩብ በታች በሆነ ናፍታ ሐረጎን ወጣሁ። አልጠፋም። መካኒኩ አብሮኝ ነበር፣ ስለ ፖምፓው አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁበትም።

አንድ የቀረችኝ፦ ማደያ ስሞላ ቶሎ ቶሎ ይተፋል። ቀጂው ልጅ ተማረረብኝ።

መልስ፦ የመካነ ሰላም ተመላላሽ

አብሽር፣ እሱ የመተንፈሻው ቱቦ ነው። ታንኩን ስትሰቅሉ ከላይ ታጥፏል ወይም ተጨፍልቋል። ናፍታ ሲገባ አየሩ መውጫ ስለሚያጣ ነው የሚተፋው። ክዳኑን ስትከፍት "ፉሽ" ካለህ ደግሞ ክዳኑም አይተነፍስም ማለት ነው፣ እሱንም እጠበው። ታንኩን ሙሉ በሙሉ ማውረድ አያስፈልግህም። ማሰሪያውን አላልተህ አራት ጣት ያህል ዝቅ ካደረግከው እጅህ ይገባል።