ከአስጠኚዬ ጋር የማሳልፈውን ሰዓት በሚገባ ለመጠቀም ምን ላድርግ?

ላለፉት ሦስት ወራት በሳምንት ሁለት ጊዜ ሒሳብ የሚያስጠኑኝ መምህር አሉኝ፤ ትዕግሥታቸውም ሆነ ዕውቀታቸው የሚያስመሰግን ነው። ችግሬ ግን እርሳቸው ሲሠሩት ግልጽ ሆኖ የሚታየኝ ጥያቄ፣ ማታ ብቻዬን ስቀመጥ ከየት እንደሚጀመር እንኳ የሚጠፋኝ መሆኑ ነው። ባለፈው ሳምንት ድምራቸው 10፣ ብዜታቸው 21 የሆኑ ሁለት ቁጥሮችን ፈልግ የሚል ጥያቄ ገጠመኝ፤ 3 እና 7 መሆናቸውን በግምት ባገኝም፣ አንደኛውን ቁጥር ከ10 ቀንሶ ሁለተኛውን በመግለጽ እኩልታ የማውጣቱን ዘዴ፣ አንድ ቀን ቀደም ብሎ አብረን የሠራነው ሆኖ ሳለ፣ ልጽፈው አልቻልኩም።

ደብተሬን ሳገላብጥ አብዛኛው ገጽ በእርሳቸው የእጅ ጽሑፍ የተሞላ ነው፤ ይህም በጣም አሳስቦኛል። «ገባህ?» ሲሉኝም ሳይገባኝ ከይሉኝታ የተነሣ «አዎ» የምልባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም።

እስክሪብቶውን እኔ ይዤ እርሳቸው እንዲያርሙኝ ብጠይቃቸው እንደ ድፍረት ይቆጠርብኝ ይሆን? ከመገናኘታችን በፊትስ ምን ያህል ሞክሬ፣ ስሕተቴንስ እንዴት መዝግቤ ብቀርብ ይሻላል? በማስጠናትም ሆነ በአስጠኚ በማጥናት ልምድ ያላችሁ ምክራችሁን እንድትለግሱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።