አልኮል አልባ ቢራ ያዋጣል ወይስ ቢቀር ይሻላል?

የቄራው
ሰላም ለሁላችሁም። መጠጥ ካቆምኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ስመረመር ጉበትህ ላይ ስብ አለ ተባልኩ፣ ሐኪሙም ቢራውን ተወው አለኝ፣ ተውኩት። የሚከብደኝ ዓርብ ማታ ነው። ከሥራ ስንወጣ ከልጆቹ ጋር ጥብስ እንበላለን፣ እነሱ ጃምቦ ይይዛሉ፣ እኔ ውሃ። አስተናጋጇ ሳትቀር "ምነው አሞሃል እንዴ?" ትለኛለች። ማልት ሞክሬ ነበር፣ ግማሽ ጠርሙስ ሳልደርስ አንገሸገሸኝ፣ ከጥብስ ጋር ጭራሽ አይስማማም። ሰሞኑን አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ከውጭ የገባ፣ 0.0 የሚል ቢራ አየሁ። ከለመድነው ቢራ ይወደዳል። አልኮሉ ከወጣ ምን ቀረው? ሞቅ ለማያደርግ ነገር ይህን ያህል መክፈል ያዋጣል ወይስ አምቦ ውሃ በሎሚ ይዤ ልቀመጥ? የጠጣችሁት እውነቱን ንገሩኝ።

ብቅል
ወንድሜ፣ ማልት ጠጥተህ አልኮል አልባ ቢራ ላይ እንዳትፈርድ። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ቢራ ፋብሪካ ጠመቃ ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ይህን ሳላስረዳ ያለፍኩት ሰው የለም። ሶፊ ማልት፣ ማልታ ጊነስ የምንላቸው ውስጥ እርሾ ገብቶ ስኳሩን አልበላውም፣ ስለዚህ የብቅሉ ጣፋጭነት እንዳለ ይቀራል። 0.0 የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ቢራ ይጠመቃል፣ ይብላላል፣ ከዚያ ነው አልኮሉ የሚወጣለት። አልኮል የሚፈላው 78 ዲግሪ ላይ ነው። ቢራን እስከዚያ ብታሞቀው ይበስልና የተቀቀለ እህል ይሸታል፣ ስለዚህ የአየር ግፊቱን ዝቅ አድርገው 40 ዲግሪ አካባቢ ላይ አልኮሉን እንዲተን ያደርጉታል። ሌላም መንገድ አለ፣ ብቅሉ ውስጥ ያለውን ዋናውን ስኳር የማይበላ እርሾ ይጠቀማሉ፣ እሱ ትንሽ ጣፈጥ ይላል።

ጣዕሙን ከጠየቅኸኝ፣ ምሬቱ አለ፣ ምክንያቱም ጠላን ጌሾ እንደሚያመረው ቢራን የሚያመረው ሆፕ ነው፣ እሱ ደግሞ ከአልኮሉ ጋር ተንኖ አይሄድም። የሚጎድለው አፍ ላይ የሚሰማው ክብደትና ከጉሮሮ ሲወርድ የሚሰጠው ሙቀት ነው። ቀጠን ይልብሃል። ስለዚህ በጣም ቀዝቅዞ ይቅረብልህ፣ ለብ ካለ አትንካው። የስንዴ ቢራ ካገኘህ ደግሞ እሱን አስቀድም፣ ወፍራም ስለሆነ ጉድለቱ ብዙ አይታወቅም።

ከፍራንክፈርት
እኔ ያለሁት ጀርመን ነው፣ 11 ዓመቴ። እዚህ አልኮል አልባ ቢራ ብታዝ ማንም ዞር ብሎ አያይህም፣ ክላውስታለር የሚባለው ከ1979 ጀምሮ ይሸጣል። የበርሊን ማራቶንን ጨርሰው የሚገቡ ሯጮች መድረሻው ላይ የሚታደላቸው አልኮል አልባ የስንዴ ቢራ ነው። በ2009 የሙኒክ ማራቶን ሯጮች ላይ በተደረገ ጥናትም ይህን በየቀኑ የጠጡት ከውድድሩ በኋላ ጉንፋን ቀነሰላቸው ተብሏል። ገንዘብ የረዳው ራሱ ቢራ ፋብሪካው ስለሆነ እኔ ብዙ አልመካበትም፣ ግን ቢያንስ ሰው ጠጥቶት አልተጎዳም።

ካሎሪውን ልንገርህ፣ ሃይነከን በ100 ሚሊ ሊትር 42 ነው፣ 0.0 የሚለው 21። ግማሽ በግማሽ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፣ እዚህ አገር እስከ 0.5 በመቶ ያለውንም አልኮል አልባ ይሉታል። ጠርሙሱ ላይ ቁጥሩን አንብብ።

ነርሷ
እኔ ትንሽ ልቃወም። አንድ 5 በመቶ የሆነ የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ ውስጥ ወደ 13 ግራም አልኮል አለ፣ ጉበትህ በሰዓት የሚያስወግደው ግን ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ለጉበትህ 0.0 ከቢራ እጅግ ይሻላል፣ በዚህ አልከራከርም። ማልቱንም መተውህ ጥሩ ነው፣ ስኳርም ጉበት ላይ ስብ ይጨምራል። ሪህ ያለበት ሰው ካነበበ ደግሞ ልንገረው፣ ሪህን የሚቀሰቅሰው ነገር አልኮሉ ከወጣም በኋላ ቢራው ውስጥ ይቀራል።

የምፈራልህ ሌላ ነገር ነው። የእህቴ ባል ኃይለኛ ጠጪ ነበር፣ አቆመና በ0.0 ልተካው አለ። ያው ጠርሙስ፣ ያው ሽታ፣ ያው ወንበር። በሦስተኛው ሳምንት "አንድ ብቻ" አለና ተመለሰ፣ እኛም ዳግመኛ ለማስተው ዓመት ፈጀብን። ጠዋት እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር? ብቻህን ትጠጣ ነበር? ከሆነ እባክህ አትሞክረው፣ አምቦ ውሃህን ይዘህ ተቀመጥ፣ እንዲያውም ለጥቂት ወራት ቦታውን ቀይር።

የጅማ ልጅ
እኛ ቤት ሰርግ ሲኖር ጠጅ ለሚጠጣው ጠጅ፣ ለማይጠጣው ብርዝ ይቀርባል። ቀሪቦም አለ። ማንም ማንንም አሞሃል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ቢራ ቤቶቻችን ግን ለማይጠጣ ሰው ከለስላሳ በቀር የሚያቀርቡት የላቸውም፣ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። እኔ በበኩሌ 0.5 የሚለውን አልነካም፣ 0.0 ከሆነ ግን እጠጣለሁ።

የቄራው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ ነርሷ፣ የጠየቅሽኝን ልመልስ። እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም፣ ብቻዬንም አልጠጣም ነበር። ግን ታሪኩን ሳነብ ደነገጥኩ፣ ለባለቤቴም አነበብኩላት።

ትናንት ሞከርኩት። ቤቱ ስለሌለው ሁለት ጠርሙስ ከሱፐርማርኬት ይዤ ሄድኩ፣ ባለቤቱን አስፈቅጄ በረዶ እስኪሆን ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠልኝ። የመጀመሪያው ከጥብሱ ጋር ጥሩ ነበር፣ ምሬቱ ቅባቱን ቆረጠልኝ፣ በእውነት ደስ ብሎኝ ጠጣሁት። ሁለተኛው ላይ ግን ያው ቅጥነቱ ታወቀኝ፣ ግማሹ ቀረ። ድሮ አራት አምስት ጃምቦ ስጠጣ አንዱ ሌላውን ይጠራ ነበር፣ ይህ ግን አይጠራም። ለእኔ የሚያዋጣው እንግዲህ አንድ ጠርሙስ ነው፣ ከምግብ ጋር፣ ከዚያ አምቦ ውሃ። ሦስት ሰዓት ላይ ራሴ መኪና እየነዳሁ ቤት ገባሁ። አስተናጋጇም ምንም አላለችኝ። የቤቱ ባለቤት ለሚቀጥለው ዓርብ አንድ ካርቶን አመጣለሁ ብሎኛል።