ኪዩት ላይ ልቆይ ወይስ ወደ ፍላተር ልዙር?

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ከፊራ ላለ የጨርቅ ነጋዴ የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋና በኪዩት (የፕሮግራም መስኮቶችና ቁልፎች መሥሪያ) እየሠራሁ ነው። የተቸገርኩት እዚህ ጋ ነው፦ በሽያጭ መስኮቱ 5 ሜትር ሲሸጥ የመጋዘኑ ሠንጠረዥ የድሮውን ቁጥር ይዞ ይቀራል። ሲግናልና ስሎት (አንድ ነገር ሲሆን የሚላክ ምልክትና ምልክቱን ተቀብሎ የሚሠራ ኮድ) እያገናኘሁ አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል፤ ማን ማንን እንደሚጠራ መከተል አቅቶኛል።

ፍላተር (ሌላው የመስኮት መሥሪያ) ላይ መረጃው ሲቀየር ገጹ ከመረጃው ተነስቶ እንደገና ይገነባል፤ እያንዳንዱን ዊጄት (ገጹ ላይ ያለ ቁልፍ፣ ሠንጠረዥና የመሳሰለው) በእጅ ማደስ የለም። ይህ ያጓጓል። ግን ኪዩትም የራሱ ሞዴልና ቪው፣ ማለትም መረጃውን የሚይዝ ክፍልና የሚያሳይ ክፍል፣ አለው (መነሻ ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1979 ዜሮክስ ፓርክ በተባለ የምርምር ማዕከል የተወለደ ነው፣ ሽማግሌ አይናቅም)። ሁለቱን መስኮቶች ከአንድ ሞዴል ጋር ባያይዛቸው ይበቃኛል? ወይስ መስኮቱ ሲበዛ ያው ጣጣ ይመለሳል?

ዲር ኢምጉይ የተባለውን ሌላ የመስኮት መሥሪያ ሞክር ያለኝም አለ። በየፍሬሙ (ስክሪኑ በታደሰ ቁጥር) ሁሉን እንደ አዲስ ስለሚስል ያረጀ ቁጥር አይቀርም፤ ነጋዴው ግን የሚጽፈው በአማርኛ ስለሆነ የፊደሉ ጣጣ ብቻውን ሌላ ሥራ ነው። ትቼዋለሁ።

ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 10፣ ራሙ 4 ጊጋ ነው፤ ወደፊት በስልክም ይፈልገዋል። በሁለቱም የሠራችሁ፣ በተለይ ብዙ መስኮት ያለው ፕሮግራም፣ የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?