«ድምፁን አጥፉትና እዩት»

ጃንተከል፦ ትናንት እዚሁ ጎንደር አንድ የመጻሕፍት ውይይት ላይ ነበርኩ። ወሬው ስለ ትረካ ነው። ከተናጋሪዎቹ አንዱ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ወደ አኒሜ፣ ወደ ጃፓን ካርቱን ማለቴ ነው፣ ዞሩና «ወጣቱ የሚያለቅስለት ካርቱን የሙዚቃ ጉልበት ነው። ድምፁን አጥፉትና እዩት፤ ባዶ ነው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እጄን ባወጣም ዕድል አልደረሰኝም። እዚህ ልተንፍሰው። አታክ ኦን ታይታን የሚባለው አኒሜ ላይ ሬይነር ግንቡ ላይ ቆሞ ለጓዱ ለኤረን «ባለ ጥሩሩ ታይታን እኔ ነኝ፣ ግዙፉ ደግሞ እሱ ነው» ይለዋል። ጠላት የተባሉት ታይታኖች እነሱ ራሳቸው ናቸው ማለት ነው። አይጮህም። አይፎክርም። ሻይ እንጠጣ እንደሚል ሰው እንደ ዘበት ነው የሚናገረው። እኔ ፀጉሬ የቆመው እዚያ ጋ ነው።

አዘዞ፦ ከዚያስ? ከደቂቃ በኋላ የሙዚቃ ደራሲው የሳዋኖ ሥራ ሲፈነዳ የት ነበርክ? ያስለቀሰህ ሬይነር አይደለም፣ ሳዋኖ ነው። ጋሼ ልክ ናቸው።

ማራኪ ሰፈር፦ እናንተ ሰዎች! እኔ ገና አንደኛው ሲዝን ላይ ነኝ እኮ!!

አዘዞ፦ በፈረንጆቹ 2017 የወጣ ነገር ነው። ስንት ዓመት እንጠብቅህ?

ማራኪ ሰፈር፦ ሥራ አለኝ። ሁሉም እንዳንተ ቀኑን ሙሉ ፒያሳ አይቀመጥም።

ሳሙና በር፦ እኔ በደረሰብኝ ልናገር። ዋን ፒስ የሚባለው አኒሜ 1071ኛው ክፍል፣ ጀግናው ሉፊ ጊር ፋይቭ ወደሚባለው አዲስ ኃይሉ የሚለወጥበት ማለቴ ነው፣ የወጣው ሐምሌ 30 ቀን 2015 ነው። እኛ ጋ ኔት የጠፋበት ሰሞን። ዓለም ሲያብድ እኛ አልሰማንም። ወራት ቆይቶ የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በፍላሽ አመጣልኝ። የላፕቶፔ ስፒከር ሞቷል፣ ኢርፎን የለኝ። እናም ጋሼ እንዳሉት፣ ድምፁን አጥፍቼ አየሁት። ሉፊ ይስቃል። የጠላቱ የካይዶ ዓይን ተጎልጉሎ ይወጣል። መሬቱ እንደ ጎማ ይለጠጣል። እኔም ሳቅሁ፣ ተኛሁ። በሳምንቱ ኢርፎን ተውሼ ደገምኩት። ለካ የልቡ ምት ከበሮ ነው! ግዙፉ ዝሆን ዙኔሻ ስለ ጥንቱ ጀግና «ጆይ ቦይ ተመለሰ» የሚለው ያን ከበሮ ሰምቶ ነው። እና ድምፁን ስታጠፋ ማጀቢያውን ብቻ አይደለም የምታጠፋው። ታሪኩን ራሱን ነው።

አዘዞ፦ በአፍህ አመንክ! ያለ ድምፅ ሳቅህ እንጂ አልደነገጥህም።

ሳሙና በር፦ ጋሼ «ባዶ ነው» ነው ያሉት። «ይጎድለዋል» አላሉም። በባዶ ነገር ሌሊት ብቻዬን እስቃለሁ?

አዘዞ፦ ሺህ ክፍል አልፎ ያላለቀ ነገር የሚያይ ሰው፣ ብቻውን ቢስቅ አይገርመኝም።

እንኮዬ መስክ፦ እኔ ለጋሼ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጥር 11 ጠዋት ፋሲል መዋኛ ይምጡ። ከበሮውን፣ ጽናጽሉን፣ እልልታውን ያጥፉልን። ምን ቀረ? ያኔም «ባዶ ነው» ሊሉ ነው?

የደብሩ ልጅ፦ እህቴ፣ ተይ። ታቦት የወጣበትን በዓል ከካርቱን ጋር? ደግሞ «መዋኛ» አልሽው። ጥምቀተ ባሕር ነው የሚባለው።

እንኮዬ መስክ፦ ያነጻጸርኩት ድምፅን ከድምፅ ነው። መዋኛ ደግሞ ቱሪስቱም አስጎብኚውም የሚለው ነው።

የደብሩ ልጅ፦ አንቺ ቱሪስት ነሽ?

እንኮዬ መስክ፦ እዚያው የተጠመቅሁ የቀበሌው ልጅ ነኝ። አንተ ይልቅ ባለፈው ዓመት ጸሎቱ ሳያልቅ ማን ነበር የዘለለው?

የደብሩ ልጅ፦ ገፍተውኝ ነው።

ጃንተከል፦ ኸረ በሉ ወደ ነገራችን። ደግሞ ነገሩ አኒሜ ብቻ አይደለም። ጌም ኦፍ ትሮንስ የሚባለው ተከታታይ ፊልም ላይ ያንን የደም ሠርግ አስታውሱ። በሩ ይዘጋል። ሙዚቀኞቹ የጠላት ቤተሰቡን፣ የላኒስተሮችን ዘፈን ይጀምራሉ። የእንግዳዋ የካትሊን ፊት የሚለወጠው ያኔ ነው። ቀጥሎ አጠገቧ የተቀመጠውን የሩዝ ቦልተንን እጅጌ ስትገልጥ ከሥሩ ጥሩር ታያለች። ዘፈኑ ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ ጌጥ አይደለም። መጨረሻ ላይ ደግሞ የሠሪዎቹ ስሞች ያለ አንዲት ድምፅ በጸጥታ ነው የሚያልፉት። ድምፁን ራሳቸው አጠፉት! እና ባዶ ነበር?

አዘዞ፦ እሱ ሰው የተወነው ነው። ጋሼ ስለ ካርቱን ነው ያወሩት።

ጃንተከል፦ አሁን ደግሞ ድምፁን ትተህ ወደ ሥዕሉ ዞርክ? ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ ያሉት መላእክትም እኮ ሥዕል ናቸው። ቀና ስትል አንገትህ የሚደርቀው ማን ሙዚቃ ከፍቶልህ ነው?

የደብሩ ልጅ፦ ደገማችሁት! ቤተ ክርስቲያኑን ተዉት አልኩ እኮ።

ቅኔ ቤት፦ ሁላችሁም ጆሮና ዓይን ላይ ተጣብቃችኋል። አታክ ኦን ታይታን በፈረንጆቹ 2013 ሲጀምር የመጀመሪያው ክፍል ርእስ «ከ2000 ዓመት በኋላ ላለኸው ለአንተ» የሚል ነበር። ላኪው ማን? ተቀባዩስ? ማንም ልብ አላለውም። በ2022 «ከ2000 ዓመት በፊት ካለኸው ከአንተ» የሚል ርእስ ያለው ክፍል መጣ። እኔ ያኔ ተነሥቼ ቆምኩ። ይሄ ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙን በ2013 ሰጡን፣ ወርቁን ዘጠኝ ዓመት ቀበሩት። ርእስ ደግሞ ይነበባል እንጂ አይሰማም። እስኪ እሱን አጥፉት!

አዘዞ፦ ወርቁ ዘጠኝ ዓመት የሚዘገይ ቅኔ አይቼ አላውቅም።

ቅኔ ቤት፦ አንተ ቅኔ የሚገባህ በስንት ዓመት ነው?

አዘዞ፦ ስድብ ከጀመርክ ተሸንፈሃል ማለት ነው።

ሳሙና በር፦ «ሌሊት ብቻውን የሚስቅ» ያልከኝ ማን ነበር?

አዘዞ፦ እሱ ቀልድ ነው። እሺ፣ የሬይነርን ክፍል ድምፁን አጥፍቼ አየዋለሁ። ነገር ግን መጀመሪያ በድምፅ ስላየሁት ሙዚቃው ጭንቅላቴ ውስጥ መጫወቱ አይቀርም። ፈተናው ልክ አይሆንም። ያላየው ሰው ነው የሚያስፈልገን።

እንኮዬ መስክ፦ ማራኪ ሰፈር አላየውም።

ማራኪ ሰፈር፦ እኔን የቤተ ሙከራ አይጥ ልታደርጉኝ ነው? ካበላሻችሁብኝ በኋላ?

ጃንተከል፦ ፍላሹን እኔ አመጣልሃለሁ። ድምፁን ብቻ አትክፈት።

ማራኪ ሰፈር፦ አልፈልግም። ቆይ ግን... «ግዙፉ እሱ ነው» ያልከው እሱ ማን ነው?